ራይድ ላይ የሚያስመልሰው ልጅ ፈሪ አይደለም፦ «ሮለር ኮስተር የማይችል ሆድ የለም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰላም ለሁላችሁ። ራይድ የምለው መጫወቻ ፓርክ ውስጥ ሰው ተሳፍሮ የሚጫወትበትን ነገር ሁሉ ነው፣ ሮለር ኮስተር ደሞ ከነሱ መሃል ሐዲድ ላይ ከፍ ዝቅ እያለ የሚሮጠው ባቡር ነው። ሰሞኑን «ሮለር ኮስተር የማይችል ሆድ የለም» የሚል ጽሑፍ ሶስት ሰዎች ላኩልኝ፣ ሶስቱም እናቶች ናቸው፣ ሶስቱም «እውነት ነው እንዴ?» ብለው ነው የላኩልኝ። የጻፈው ወንድማችን እንደኔው አሜሪካ የሚኖር አባት ነው፣ ሰመር ሲገባ ልጆቹን ሰብስቦ ፓርክ ለፓርክ መዞር ይወዳል፣ ሐሳቡም ክፉ አይደለም፣ ልጆቻችን ቤት ተቀምጠው ስልክ ላይ ከሚያፈጡ ወጥተው ይጫወቱ ነው የሚለው፣ በዚህ በዚህ ከልቤ እስማማለሁ። ግን ስለ ማጥወልወልና ማስመለስ የሰጠው ምክር ግማሹ የማይሰራ ነው፣ አንዳንዱ ደሞ ልጅ የሚጎዳ ነው፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ያለው ይሄ ነው፦ ማጥወልወል ፍርሃት ነው፣ ዓይን መጨፈን መድሃኒቱ ነው፣ ባዶ ሆድ መሄድ ጥሩ ነው፣ ከትልቁና ከከባዱ ራይድ ከጀመራችሁ ሌላው ቀላል ይሆናል፣ ሲብስባችሁ ክኒን ዋጡ ለልጅም ግማሹን ስጡት፣ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ክኒን ካልፈለጋችሁ ዝንጅብልና ለማጥወልወል ተብሎ የሚሸጠው የእጅ አንጓ የሚጫን አምባር ይበቃችኋል፣ ልጁ ካስመለሰ ደሞ ወዲያው መልሳችሁ አሳፍሩት። አንድ በአንድ እሄድበታለሁ።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ፋርማሲ ቴክኒሽያን ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ ፋርማሲስትም አይደለሁም፣ ግን ሰመር ላይ ቅዳሜ ጠዋት ካውንተሩ ጋ መጥቶ «ዛሬ ልጆቹን ፓርክ ልወስዳቸው ነው፣ እንዳያስመልሳቸው ምን ልስጣቸው» የሚለኝን ሐበሻ ብዛት እኔ ነኝ የማውቀው። ከዛ በላይ ደሞ እኔ ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ መኪና የማይስማማኝ ሰው ነኝ፣ ልጄም እኔን ነው የወጣችው።

ከፍርሃቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ያናደደኝ እሱ ነው። ወንድማችን «ማጥወልወል የሚባለው ፍርሃት ነው፣ ወንድ ልጅ ከሆነማ አይዞህ ብላችሁ ጫኑት» ይላል። አይደለም። ነገሩ ያለው ጆሮ ውስጥ ነው። ከታምቡሩ ጀርባ፣ ውስጠኛው ጆሮ ላይ፣ በእያንዳንዱ ጎን በፈሳሽ የተሞሉ ሶስት ቀለበት የመሰሉ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፣ ጭንቅላታችን ሲዞር ፈሳሹ ይንቀሳቀስና «እየዞርን ነው» የሚል መልእክት ወደ አእምሮ ይሄዳል። አጠገባቸው ደሞ ሁለት ትናንሽ ከረጢቶች አሉ፣ እነሱ ወደፊት መሄድን፣ ወደ ላይ መውጣትና መውረድን፣ ማዘንበልን የሚለዩ ናቸው። አእምሮ የነሱን ወሬ ከዓይን ወሬ ጋር ከእግርና ከጀርባ ጡንቻ ወሬ ጋር ያስተያያል። ሶስቱ ከተስማሙ ሰላም ነው፣ ዓይን «ቁጭ ብለናል» እያለ ጆሮ «ኧረ እየተወዛወዝን ነው» ካለ ግን ወደ ላይ ይላችኋል፣ ላብ ላብ ይላችኋል፣ በቃ።

ይሄን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፣ ደሞ የሩቅ አይደለም፣ ዲሲ ፍሎሪዳ አቬኑ ላይ ያለው መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚማሩበት ጋላውዴት፣ ብዙዎቻችን በደጁ ስንት ጊዜ በታክሲ በኡበር የምናልፈው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ናሳና የአሜሪካ ባህር ኃይል ሰው ጠፈር ላይ ምን ይሆናል የሚለውን ለማጥናት ከዚህ ትምህርት ቤት 11 ሰዎች መለመሉ፣ ከአስራ አንዱ አስሩ በልጅነታቸው ማጅራት ገትር ይዟቸው መስማት ያቆሙ ናቸው፣ በሽታው የጆሯቸውን የሚዛን ክፍልም ጎድቶታል። ለአስር ዓመት ያህል በሚሽከረከር ክፍል፣ በአውሮፕላን፣ በምኑም በምኑም ሞከሯቸው፣ አላጥወለወላቸውም። አንዴ ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ጋ ማዕበል በበዛበት ባህር በጀልባ ይዘዋቸው ወጡ፣ ሰዎቹ ቁጭ ብለው ካርታ ሲጫወቱ አጥኚዎቹ ራሳቸው በጣም አሟቸው ሙከራው ተቋረጠ። ፍርሃት ቢሆን ኖሮ እንዴት ነው የጆሮ ሚዛናቸው የተጎዳ ሰዎች ብቻ የሚድኑት? እነዚያ 11 ሰዎች ከሌላው ሰው የበለጠ ደፋር ስለሆኑ አይደለም፣ ጆሯቸው ያን የተጋጨ ወሬ ስለማያመጣ ነው። ጠፈርተኞችም እኮ፣ ከሰው ሁሉ ተመርጠው በጀት ሲበሩ የኖሩ ሰዎች፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጠፈር በወጡ የመጀመሪያ ቀናት ያጥወለውላቸዋል። እነሱንም ፈሪ እንበላቸው?

ፍርሃት ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም፣ ጭንቀት የጀመረን ማጥወልወል ያባብሰዋል፣ ያ እውነት ነው። መነሻው ግን እሱ አይደለም። ደሞ ማን ላይ እንደሚበረታ ይታወቃል፦ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ብዙም አይነካቸውም፣ ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ይበረታል፣ ከዛ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ሴቶች ላይ ከወንዶች ይበልጣል፣ ማይግሬን ያለበት ሰው ላይ ደሞ ይብሳል። እንግዲህ የ9 ዓመት ልጅ ከነአባቱ ወጥቶ አባትየው ደህና ሆኖ ልጁ ካስመለሰው ልጁ የሰነፈ ሳይሆን ዕድሜው ነው።

የ9 ዓመት ልጅ ያልኩት በምክንያት ነው። የዛሬ ሶስት ዓመት ከዘመዶቻችን ጋር አንድ ፓርክ ሄደን አጎቷ ልጄን «ምን ትፈሪያለሽ፣ የጀግና ልጅ!» ብሎ እዛ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ትልቅ መርከብ ላይ ይዟት ወጣ። እኔ ታች አጥሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። መርከቡ ወደኔ ሲመጣ ፊቷ ይታየኛል፣ ሲሄድ ጀርባው ይሸፍንብኛል። መጀመሪያ ስትስቅ አየኋት። ሁለት ሶስቴ ከተመላለሰ በኋላ ሳቋ ቆመ። ከዛ አዛጋች፣ ተመልሶ ሲመጣም አዛጋች፣ ያኔ ነው ሆዴ የተረበሸው ምክንያቱም እኔም የሚጀምረኝ እንደዛ ነው፣ እንቅልፍ ሳይኖር ማዛጋት። በሚቀጥለው ሲመጣ ከንፈሯ ዙሪያ ነጥቶ ምራቋን ትውጣለች። ማስቆም አይቻልም። ስትወርድ እጇን ያዝኩት፣ በዛ ሙቀት እጇ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ ደረጃው ላይ አጎቷ ጫማ ላይ አስመለሰች። እሱ ሳቅ ብሎ «አይ ፈሪ!» አላት፣ ክፋት አልነበረውም፣ እኛ ስንኖር የለመድነው ቀልድ ነው። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ከማንም ጋር አላወራችም፣ ማታ መኪና ውስጥ ተኝታለች ብዬ ሳስብ ከኋላ ሆና «እማ፣ እኔ እኮ አልፈራሁም ነበር» አለችኝ።

እንግዲህ ጽሑፉን ሳነብ የታወሰችኝ እሷ ናት። ልጅ አሞኛል ሲል ፈሪ ከተባለ ሁለተኛ አይናገርም፣ ችሎ ይቀመጣል፣ ከዛ ሌላ ሰው ላይ ያስመልሳል፣ ከዛ ፓርክ የሚባል ነገር አልወድም ይላል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፣ ዓይን መጨፈን። ይሄኛው ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው የሚያሳስተው፣ መልሱ እንደ ራይዱ ዓይነት ይለያያል፣ እሱ ግን ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከተታቸው።

እውነተኛ ሐዲድ ላይ የሚሮጥ ነገር ከሆነ ዓይን መጨፈን ያባብሰዋል። ጆሮ «ተጠመዘዝን» ይላል፣ ዓይን ምንም አላየ፣ ቀጣዩ ኩርባ ግራ ይሁን ቀኝ ስለማታውቁት አንገታችሁ ሳይዘጋጅ ይናጣል። ዓይን ተከፍቶ ሐዲዱ ወደሚሄድበት ወደፊት ሲያይ ግን አካል ቀድሞ ይዘጋጃል። ይሄን ከኔ በላይ እናቴ ታውቀው ነበር። ልጅ ሆኜ ከአዲስ አበባ ደሴ ስንሄድ ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ገና ጠመዝማዛው ሳይጀምር ረዳቱ ፌስታል እያደለ ያልፋል፣ እናቴ ደሞ ቦርሳዋ ውስጥ ሎሚ አለ፣ በጥፍሯ ልጣጩን ጫር ጫር አድርጋ አፍንጫዬ ስር ትይዝልኛለች፣ ጠዋት በለሊት መናኸሪያ የምንሄደው ደሞ ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር እንዳይያዝብን ነው። «ተኚ» አትለኝም፣ «መንገዱን እዪ፣ ሩቁን እዪ» ነው የምትለኝ። ኮምቦልቻ አልፈን ሐረጎን ስንወጣ ወደ ጎን መስኮት ዞር ካልኩ አገጬን ይዛ ወደፊት ትመልሰኛለች። ሹፌሩን የማያጥወለውለው ለምን መሰላችሁ፣ መሪውን የሚያዞረው እሱ ስለሆነ የሚመጣውን ቀድሞ ያውቀዋል። ሮለር ኮስተር ላይም ያው ነው።

ስክሪን ያለበት ራይድ ሲሆን ግን ይገለበጣል። ወንበሩ እዛው ይነቃነቃል፣ ፊታችሁ ያለው ትልቅ ስክሪን ግን ተራራ ላይ ያበራችኋል፣ ገደል ይከታችኋል። እዚህ ላይ ዓይን ነው እያበዛ ያለው፣ ስለዚህ እዚህ ዓይን መጨፈን በደንብ ይሰራል፣ ወይ ደሞ ከስክሪኑ ውጪ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ የመውጫውን መብራት፣ ማየት። ወንድማችን ዓይን መጨፈን ረዳኝ ያለው ምናልባት እንዲህ ዓይነቱ ላይ ተቀምጦ ይሆናል።

የሚሽከረከረው ደሞ ሶስተኛ ነው። እዚህ ከዓይን በላይ ራስ ነው። እየተሽከረከራችሁ ሳለ ራሳችሁን ወደ ጎን ካዘነበላችሁ ወይ ስልክ ለማንሳት ዝቅ ካላችሁ አንዱ ቱቦ ውስጥ የነበረው ዙረት በድንገት ሌላው ቱቦ ላይ ይደርሳል፣ አእምሮ በሌለ አቅጣጫ የተገለበጣችሁ ይመስለዋል፣ ከዚህ በላይ የሚያጥወለውል ነገር የለም። ራስን ወንበሩ መደገፊያ ላይ ለጥፎ ፊት ለፊት ብቻ ማየት ነው። ኦርላንዶ፣ ኤፕኮት የሚባለው የዲዝኒ ፓርክ ውስጥ በ2003 የተከፈተ ሚሽን ስፔስ የሚባል ራይድ አለ፣ እንደ ጠፈርተኛ ማሰልጠኛ ሰውን በእውነት እያሽከረከረ የክብደቱን ሁለት እጥፍ ተኩል ድረስ የሚጫን፣ እዛ ጭንቅላታችሁን ደገፍ አድርጉ፣ ወደፊት እዩ እያሉ ነው የሚያሳፍሯችሁ፣ የማስታወኪያ ከረጢትም አስቀምጠዋል። ከ2006 ጀምሮ ደሞ የማይሽከረከር አረንጓዴ የተባለ ሌላ ምርጫ ጨምረዋል፣ ከባዱ ብርቱካናማው ነው። ዲዝኒ የሚያክል ድርጅት ከረጢት ያስቀመጠው ደንበኞቹ ፈሪ ናቸው ብሎ አይደለም። በነገራችን ላይ ትናንሾቹ የሚወዱት የሚሽከረከረው የሻይ ስኒ ላይ መሃል ያለውን መሪ የምትመስል ክብ ነገር ልጆቹ ባዞሯት ቁጥር ነው ስኒው የሚፈጥነው፣ የሚያጥወለውለው ልጅ ካለ «ማንም እንዳይነካት» ማለት ብቻ ብዙ ይቀንሳል።

ባዶ ሆድ። «የሌለ ነገር አይወጣም» ይላል። ይወጣል፣ ሐሞት ይወጣል፣ ያውም ያቃጥላል። ሆድ ባዶ ሲሆን ማቅለሽለሹ ራሱ ይጨምራል፣ ደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲወርድ ራስ ማዞር ይመጣና የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ሙሉ ሆድም አይሆንም፣ ጠዋት በቅቤ የራሰ ፍርፍር ወይ ጥብስ በልቶ መሳፈር ራስን መፈለግ ነው። ከመሳፈር አንድ ሁለት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ነገር፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ቂንጬ ያለ ብዙ ቅቤ፣ ውሃ ደሞ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ። እዚህ ላይ ለኛ ሰው በተለይ ማንሳት የምፈልገው ፍልሰታን ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ በፈረንጅ ከኦገስት 7 ጀምሮ፣ ልክ ፓርኮቹ የሚጨናነቁበት ሙቀቱም የሚበረታበት ሰሞን፣ ደሞ ልጆቻችን ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾም ነው። አስቀድሶ፣ ሳይቀምስ፣ ከቅዳሴ ወጥቶ በዛው መኪና ውስጥ ገብቶ ፓርክ የሚሄድ ቤተሰብ አውቃለሁ። ጾሙን አትጹሙ እያልኩ አይደለም፣ እኔም እጾማለሁ፣ ፓርኩን ለሌላ ሳምንት አድርጉት ነው የምለው። ቲኬቱ ተገዝቶ ከሆነ ደሞ ቢያንስ ሳይበሉ ሳይጠጡ እንዳትሳፈሩ፣ የጾም ዳቦና ውሃ ቀምሰው፣ ጥላ ስር ተቀምጠው፣ ከዛ።

«ከትልቁ ጀምሩ»። እዚህ ላይ እሱ የተምታታበት ነገር ብዙ ሰው የሚምታታበት ነው፣ ቁመትና ፍጥነት ነው የሚያጥወለውለው ብለን እናስባለን። እንደዛ አይደለም። ሆድን በጣም የሚረብሸው ቀስ ያለ ተደጋጋሚ ውዝዋዜ ነው፣ በአምስት ሰከንድ አንዴ ገደማ የሚመላለስ፣ መርከብ ማዕበል ላይ እንደሚያደርገው። ለዚህ ነው ያ መርከብ፣ ልጄን ያሳመማት፣ ሰማይ ጠቀሱን ሮለር ኮስተር ችሎ የወጣን ጎልማሳ የሚጥለው። ሮለር ኮስተር ላይ ዓይን የሚያጨልም ሌላ ነገር አለ፣ እሱ ግን ማጥወልወል አይደለም፣ ከከፍታ ወርዶ ሲታጠፍ ክብደታችን ስለሚበዛ ደም ከራስ ወደ እግር ይወርዳል። ቨርጂኒያ፣ ኪንግስ ዶሚኒየን ፓርክ በ2010 የተከፈተው ኢንቲሚዴተር 305 የሚባል ሮለር ኮስተር፣ አሁን ፓንቴሪያን ብለውታል፣ 305 ጫማ ማለትም 93 ሜትር ገደማ ነው፣ መጀመሪያ ሲከፈት ከዛ ወርዶ የሚገባበት ኩርባ ላይ ብዙ ሰው ዓይኑ ይጨልምበት ስለነበር በሚቀጥለው ዓመት ኩርባውን ሰፋ አድርገው ሰሩት። ለሱ መድሃኒቱ ቂጥና እግር ጡንቻን ማጥበቅ፣ ውሃ መጠጣት ነው፣ የማስታወክ ክኒን ለሱ አይሰራም።

መልመድ ይቻላል ማለቱ ግን ትክክል ነው፣ ይሄን አልክድበትም። ባህር ላይ ሁለት ሶስት ቀን የቆየ ሰው ይለምዳል፣ አብራሪዎችንም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያሽከረከሩ ያስለምዷቸዋል። ግን አካሄዱ ከትንሹ ወደ ትልቁ ነው፣ ሳያስመልስ በፊት ማቆም፣ ማረፍ፣ ሌላ ቀን መጨመር። በአንድ ቀን ከከባዱ ጀምሮ ሰውነት ገና ሳይረጋ ሌላው ላይ መውጣት መልመድ ሳይሆን መደራረብ ነው፣ የመጀመሪያው ሳይወጣለት ሁለተኛው ላዩ ላይ ይጨመርበታል፣ ከዛ «ሶስት ራይድ ችዬ አራተኛው ቀላሉ ላይ አስመለሰኝ፣ ምን ነካኝ» ይባላል። እኔ ልጄን በሁለት ራይድ መሃል 20 ደቂቃ አስቀምጣታለሁ።

አሁን ክኒኑ። ይሄን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

«ሲብስባችሁ ዋጡ» ይላል፣ ሲብስማ አልፏል። ማጥወልወል ሲጀምር ጨጓራ ስራውን ያዘገያል፣ የተዋጠው ክኒን እዛው ቁጭ ይላል፣ ወይ ተመልሶ ይወጣል። ድራማሚን የሚባለው የማጥወልወል ክኒን ከመሳፈር ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ነው፣ ሜክሊዚን ያለበት እንደ ቦኒን ያለው ደሞ አንድ ሰዓት በፊት፣ ማለትም ፓርኩ በር ላይ ወረፋ ስትይዙ፣ ወይ ገና መኪና ውስጥ እያላችሁ።

«ለልጅ ግማሹን ስጡት» ደሞ የባሰ ነው፣ የምን ግማሹን? ድራማሚን ተብሎ መደርደሪያ ላይ የተደረደረው ካርቶን አንድ ዓይነት አይደለም እኮ። ኦሪጂናሉ ውስጥ ያለው ዳይመንሃይድሪኔት ነው። «ሌስ ድራውዚ» (እንቅልፉ ያነሰ) የሚለው ውስጥ ሜክሊዚን ነው ያለው፣ እሱ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይደለም ተብሎ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። «ነን ድራውዚ» (እንቅልፍ የሌለው) የሚለው ደሞ ዝንጅብል ነው። ሶስት የተለያየ ነገር፣ አንድ ስም። አንድ አባት ባለፈው «እንቅልፍ እንዳይዘው» ብሎ ለ7 ዓመት ልጁ ሌስ ድራውዚውን ይዞ መጣ፣ ካርቶኑን አገላብጬ ጀርባው ላይ ያለውን ዕድሜ በጣቴ ሳሳየው ደነገጠ፣ ቤት ያለውም እሱ ነው አለኝ። የልጆቹ ድራማሚን 25 ሚሊግራም የሚታኘክ ነው፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት ግማሽ ወይ አንድ፣ ከ6 እስከ 11 አንድ ወይ ሁለት፣ በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ ነው፣ ለትናንሾቹ በቀን ከ3፣ ለትልልቆቹ ከ6 ፍሬ አይለፍ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ በፍጹም።

ሌላው ቤናድሪል ነው። ብዙ ቤት አለ፣ ለአለርጂም ለእንቅልፍም ይሰጣል። ዳይመንሃይድሪኔት ማለት ውስጡ ያለው ዋናው ነገር ራሱ ቤናድሪል ነው፣ ከሌላ ነገር ጋር ተጣምሮ። ስለዚህ ጠዋት ለአለርጂው ቤናድሪል የወሰደ ልጅ ላይ ድራማሚን ስትጨምሩበት አንዱን መድሃኒት ሁለቴ ሰጣችሁት ማለት ነው። አንዳንዱ ልጅ ደሞ በዚህ መድሃኒት እንቅልፍ በመያዝ ፈንታ ይቅበጠበጣል፣ ያልሞከረውን ልጅ የመጀመሪያ ቀን ፓርክ ላይ ከምትሞክሩበት ቤት የዕረፍት ቀን ላይ እዩት። እነዚያ እንቅልፍ የማያመጡት አዳዲስ የአለርጂ ክኒኖች፣ ዚርቴክ፣ ክላሪቲን የሚባሉት፣ ለማጥወልወል አይጠቅሙም፣ ሐኪም ለሆድ ቫይረስ የሚያዝዘው ዞፍራንም ለዚህ ዓይነቱ አይሆንም፣ ባለፈው የተረፈ አለን ብላችሁ አትስጡ።

ድራማሚን ለማጥወልወል እንደሚሰራ የታወቀው እዚሁ ሰፈራችን ነው፣ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ። ለቆዳ አለርጂ የተሰጣት አንዲት እርጉዝ ሴት ትራም ስትሳፈር ሁሌ ያማት የነበረው መቆሙን አስተዋለች፣ ለሐኪሞቹ ነገረቻቸው፣ ከዛ ነው ወታደር በጫነ መርከብ ላይ የሞከሩት። አንዲት ሴት የሚሰማትን በደንብ ስለተናገረችና ሰሚም ስላገኘች ነው ዛሬ ካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ያለው።

ከጆሮ ኋላ የሚለጠፈውን ፓችም አንስቷል፣ «ለቤተሰቡ ሁሉ» ብሎ። ስኮፖላሚን ነው፣ በሐኪም ትዕዛዝ ነው የሚሰጠው፣ ለልጆች አይደለም፣ ቆርጦ ማካፈልም አይሆንም። ለአዋቂም ቢሆን ቢያንስ 4 ሰዓት ቀድሞ ይለጠፋል፣ ነክቶ እጅ ሳይታጠቡ ዓይን መንካት ዓይን ያደበዝዛል፣ ግላኮማ ያለበት፣ ፕሮስቴት ያስቸገረው አባት ለሐኪሙ ሳይናገር እንዳይለጥፍ። በ2025 ደሞ የአሜሪካ መድሃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ስለዚህ ፓች አዲስ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፣ ላብ ስለሚቀንስ ሰውነት ሙቀቱን ማውጣት ያቅተዋል፣ በተለይ ልጆችና ከ60 ዓመት በላይ ያሉ። እስቲ አስቡት፣ ኦገስት፣ 95 ዲግሪ ፋራናይት፣ አስፋልት ላይ ወረፋ፣ አያትም ልጅም ፓች ለጥፈው።

ማታ የሚነዳው ሰው ደሞ እንቅልፍ የሚያመጣውን እንዳይውጥ፣ ወይ ሌላ ይንዳ። ቢራ ከነዚህ ክኒኖች ጋር አይሄድም።

የመጨረሻ ወንበር ላይ ብዙም አልቆይም። የባቡሩ ጭራ ነው ጅራፍ የሚሆነው፣ ቁልቁለቱ ላይ ተጎትቶ የሚወረወረው እሱ ነው። የሚያጥወለውለው ሰው መሃል ይቀመጥ፣ ወይ ከመሃል ትንሽ ወደፊት። መርከቡም ላይ ጫፎቹ ናቸው የሚወረወሩት፣ መሃሉ ይሻላል።

ዝንጅብልና የእጅ አምባር፦ ዝንጅብል አንዳንድ ጥናት ላይ ረድቷል፣ አንዳንዱ ላይ አልረዳም፣ ጉዳት ግን ብዙም የለውም፣ ሻይ አድርጋችሁ ጠጡት። አምባሩ ከተራ ማሰሪያ ብዙም ሳይለይ ነው የተገኘው። የእናቴ ሎሚ ጥናት ያለበት ነገር አይደለም፣ እኔ ግን እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ፣ ፓርክ ውስጥ የናፍጣና የተጠበሰ ዘይት ሽታ ሲደባለቅ የሚያድነኝ እሱ ነው። «ይበቃል» የሚለው ቃል ነው ያልተስማማኝ፣ በጣም የሚያጥወለውለውን ልጅ በአምባር ብቻ አታሳፍሩት።

የመጨረሻው ምክሩ «ካስመለሰ በኋላ ወዲያው መልሳችሁ አሳፍሩት፣ ፍርሃቱ እንዳይቀመጥበት» የሚል ነው። ያስመለሰ ልጅ ውሃ አጥቷል፣ ጆሮው ገና አልረጋም። ጥላ ስር ማስቀመጥ፣ አንገቱ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ማድረግ፣ ሩቅ ያለ የማይንቀሳቀስ ነገር ማየት፣ ቀስ ብሎ በረጅሙ መተንፈስ፣ እሱ ራሱ የሚረዳ ነገር ነው፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ። አብዛኛው ልጅ ይነሳል። ከራይድ ወርዶ ሰዓታት አልፈውም ማስመለሱ ካላቆመ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ካለው፣ ወይ ጆሮው ካልሰማ ያ ሐኪም ቤት ነው።

ልጄ አሁን 12 ዓመቷ ነው። ባለፈው ሰመር ፓርክ ስንሄድ መኪና ውስጥ ገና ሳንደርስ የሷን አንድ ፍሬ አኘከች፣ ዳቦዋን በላች፣ ከእንጨት ሮለር ኮስተሩ ጀመረች፣ መሃል ወንበር፣ ዓይኗ ሐዲዱ ላይ። አራት ዓይነት ራይድ ወጣች፣ በየመሃሉ አግዳሚው ላይ አብረን ተቀመጥን። አጎቷም አብሮን ነበር። መርከቡ ጋ ስንደርስ ቆም ብላ አየችውና «ይሄ ለኔ ጆሮ አይደለም» አለችው፣ እሱም እሺ ብሎ ቦርሳዋን ያዘላት፣ አልፈን ሄድን።